ድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ሰፈር፦ ለመጋዘን አምስት ኮከብ፣ ለስፌት ሁለት ተኩል

ሰው ስለ ምግብ ቤት ይጽፋል፣ ስለ ስልክ ይጽፋል። እኔ ዛሬ የምገመግመው የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። ድሬዳዋን፤ በተለይ በመልካ ጀብዱ በኩል ያለውን ነፃ የንግድ ቀጠናና በዙሪያው ያለውን ሁሉ። ለምን ብትለኝ፣ ይሄም እንደማንኛውም ዕቃ እየተሸጠ ነው። ብሮሹር አለው፣ ቪዲዮ አለው፣ የሚያስጎበኝ ሰው አለው። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ዞር ዞር ብሎ፣ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚወስነው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ፤ እንጀራዬ ይሄው ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሳቢያን ስለሆነ ለከተማዬ ትንሽ ላዳላ እችላለሁ። አንባቢን በአንተታ ነው የምጽፈው። ድሬ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ትልቅም ትንሽም፣ ሀብታምም ድሀም፣ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። ይሄ ቅር የሚልህ ከሆነ ድሬ ላይ ፋብሪካ አትክፈት። የገዛ ዘበኛህ ነው "አቦ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ?" ብሎ የሚቀበልህ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ይኖራል። ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው ድሬ ላይ ቲሸርት አሰፍተው ወደ አሜሪካ ሊልኩ አስበዋል። "ጉልበት ርካሽ ነው፣ ባቡር አለ፣ ጅቡቲ አፍንጫችሁ ሥር ነው" ይለኛል በስልክ። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። እሱ በሚያስበው መንገድ ግን አይደለም።

ከቦታው ልጀምር። ድሬዳዋ ከጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። ከተማዋ የተወለደችውም በዚሁ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተመቸው ከግርጌው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰና ከተማ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ 15 ዓመት ገደማ ፈጀበት። በነዚያ ዓመታት ድሬ የመስመሩ ጫፍ ነበረች። ዕቃ ከባቡር ይወርዳል፣ ይከማቻል፣ ግመልና በቅሎ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ማውረድ፣ ማከማቸት፣ መልሶ መጫን። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ድሬ ዛሬም በደንብ የምትችለው ይሄንኑ ነው ባይ ነኝ። ግምገማዬ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

ነፃ የንግድ ቀጠናው የተመረቀው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ሲያብራሩልህ ከባድ ያደርጉታል፣ እኔ ቀለል አድርጌ ልንገርህ። አንድ ኮንቴይነር የሶላር ኢንቨርተር ከቻይና አስመጣህ እንበል። በተለመደው መንገድ ዕቃው ደረቅ ወደብ ይገባል፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ) ይሞላል፣ ቀረጥና ታክሱ ይከፈላል፣ ከዚያ ይወጣል። የምትከፍለው ባንዴ ነው። ዕቃው ነገ ይሸጥ፣ ከስድስት ወር በኋላ ይሸጥ፣ የጉምሩክ ጉዳይ አይደለም። ያንተ ብር ግን ታስሯል።

ነፃ ቀጠና ውስጥ ሲሆን ሕጉ ዕቃህን ገና ወደ አገር እንዳልገባ ነው የሚቆጥረው። ታስቀምጠዋለህ፣ ትለየዋለህ፣ በትንሽ በትንሹ ታሽገዋለህ፣ ከፈለግህም ትገጣጥመዋለህ። ወደ አገር ውስጥ ገበያ ስታወጣ፣ ላወጣኸው ያህል ቀረጥ ትከፍላለህ። ወደ ሌላ አገር ከላክኸው የኢትዮጵያ ቀረጥ አይነካህም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ፣ ቁጥር 1322፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩንም ነፃ ቀጠናውንም በአንድ ሕግ ሥር አምጥቷቸዋል። ስለዚህ "ይሄ ለፓርክ ነው፣ ያ ለቀጠና ነው" የሚለው የቢሮ ክርክር ቀነስ ብሏል።

ይሄ ማንን ይጠቅማል? ብዙ ሰው ትልቁን ባለሀብት ይላል። እኔ የማየው ሌላ ሰው ነው። ጅጅጋ ያለ፣ ጭሮ ያለ፣ ሐረር ያለ መካከለኛ ነጋዴን ውሰድ። ሙሉ ኮንቴይነር የመግዛት አቅም የለውም፣ አሥር ካርቶን ግን ይገዛል። ድሮ አሥር ካርቶኑን ፍለጋ መርካቶ ይሄዳል። ማለት፣ ከጅቡቲ ተነስቶ በደጁ አልፎ አዲስ አበባ የገባውን ዕቃ ትራንስፖርት ከፍሎ መልሶ ያመጣዋል። የውጭ አቅራቢው ዕቃውን መልካ ጀብዱ ላይ በራሱ ካፒታል ቢያስቀምጥለት ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ይቀራል። በዚያው በ2016 የወጣው መመሪያ ደግሞ የውጭ ባለሀብት በአስመጪነት፣ በጅምላና በችርቻሮ እንዲገባ ፈቅዷል። ድሮ ይሄ ለኢትዮጵያዊ ብቻ የተከለለ ነበር። ነጋዴ ጓደኞቼ በዚህ አልተደሰቱም፤ አልፈርድባቸውም።

ዶላሩንም እናንሳው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ሄደህ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ አቅራቢህ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወረፋ ትይዛለህ፤ ወረፋው ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በ57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ወረፋው አጠረ፣ ዋጋው ናረ። አሁን ችግሩ ዶላር ማግኘት ብቻ አይደለም፤ በከፈልከው ውድ ዶላር የመጣው ዕቃ ተቀምጦ ገንዘብህን እንዳይበላብህ ነው። ቀረጡን ሳይከፍሉ ማስቀመጥ ጥቅሙ የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። አስመጪ ከሆንክ የምለው ወዲያው ይገባሃል።

ለማከማቻነት አምስት ኮከብ ስሰጠው ግን ነፃ ቀጠናው ወረቀት ያስተካክልልሃል ማለቴ አይደለም። አንድ ደንበኛዬ የመኪና መለዋወጫ አመጣ። በፓኪንግ ሊስቱ (በዕቃው ዝርዝር) እና በቢል ኦፍ ሎዲንጉ (በመርከቡ የጭነት ሰነድ) መካከል የክብደት ልዩነት ነበር፣ ያውም ትንሽ። ላኪው አገር ያለው ወኪል አንድ የማስተካከያ ደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ ኢሜይል ላይ ኢሜይል። "ዛሬ ይላካል" ይሉናል፣ አይላክም። በዚህ መሀል ኮንቴይነሩ ይቆጥራል፣ ያውም በዶላር። የመርከብ ድርጅቶች ለኮንቴይነራቸው የተወሰነ ነፃ ቀን ይሰጡሃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዲመሬጅ፣ ማለት የመዘግየት ክፍያ ነው። በመጨረሻ የዲመሬጁ ሂሳብ ከእኔ የአገልግሎት ክፍያ በብዙ እጥፍ በለጠ። የትኛውም ቀጠና ከዚህ አያድንህም። የሚያድንህ ዕቃው መርከብ ላይ ሳይጫን ዶክመንቱን አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ነው። (አዎ፣ ለራሴ ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው።)

ድሬ እዚህ ላይ የምታተርፍህ ባዶውን ኮንቴይነር በመመለስ ነው። ባዶው ወደ ጅቡቲ መመለስ አለበት። አዲስ አበባ ዳርቻ ያራገፈ ሰው ባዶውን ይዞ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። አንተ ሲሶ መንገድ ነው የሚቀርህ። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ድንበር ያለው 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ደህና መንገድ ነው። አብዛኛው የአገሪቱ ከባድ መኪና በአፋር በጋላፊ በኩል ስለሚያልፍ እዚህ ያን ያህል መጨናነቅ የለም። ሾፌሮቹ ሙቀቱን ይረግማሉ እንጂ መንገዱን ሲያሙት አልሰማሁም።

አሁን ወደ ባቡሩ። የአክስቴ ልጅ ከሁሉም በላይ የወደደው ባቡሩን ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ነው፣ ከአዳማ ወዲህ ነጠላ። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ነጠላ ሐዲድ ማለት አንዱ ባቡር ሌላውን ለማሳለፍ ጣቢያ ላይ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ መስመሩ የግጦሽ አገር ነው የሚያቋርጠው። ግመል ሐዲድ ላይ ይተኛል፣ ከብት ይገጫል፣ ባለቤቱ ካሳ ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ባቡሩ ይቆማል። የጊዜ ሰሌዳህ ውስጥ ግመል አስገባ፤ ቀልዴን አይደለም።

ደግሞም ባቡር በደጅህ ያልፋል ማለት ላንተ ይቆማል ማለት አይደለም። አብዛኛው ኮንቴይነር ተጭኖ ድሬን አልፎ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና አዲስ አበባ ዳርቻ ወዳለው እንዶዴ ጣቢያ ነው የሚሄደው። ያንተ ዕቃ ድሬ እንዲወርድ ከፈለግህ፣ ባቡሩ ስንት ኮንቴይነር ሲሆን ነው የሚያቆመው፣ የሚያወርደው ክሬን የማን ነው፣ ከጣቢያው እስከ መጋዘንህ ያለውን ማን ያጓጉዛል፣ በምን ያህል፤ ይሄን ሁሉ ከመፈረምህ በፊት በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተነገረህን አትመን። ሲመለስ ግን ለላኪ ጥሩ ዕድል አለ። አገራችን ከምትልከው ብዙ እጥፍ ስለምታስገባ ባቡሩም መኪናውም ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው። የምትልከው ነገር ካለህ በዋጋ ተከራከር፤ ባዶ ከሚሄድ ያንተን ቢጭን ይሻለዋል።

እስካሁን በካርታና በወረቀት ነው ያወራነው። አሁን ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኮንቴይነር በር ላይ አብረኸኝ ቁም። የጉምሩኩ ፈታሽ ጥላ ፈልጎ ቆሟል። ልጁ ማሸጊያውን በብረት መቁረጫ ጥርቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። ዘንጉን በእጁ አይነካውም፣ በጨርቅ ነው የሚይዘው፤ ብረቱ ያቃጥላል። በሩ ሲከፈት ከውስጥ የሚወጣው ትኩሳት ፊትህን ይመታሃል። መጀመሪያ የሚሸትህ የካርቶን ሙጫ ነው። አንዴ የጫማ ሶል ስናወርድ የላይኛው ረድፍ ካርቶኖች አፋቸው ተከፍቶ ሶሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ አገኘነው። ጣሪያው ሥር ያለው ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መድኃኒት፣ መዋቢያ፣ ሻማ፣ ባትሪ፣ ማጣበቂያ የምታመጣ ከሆነ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ስላገኘህ መጋዘን አገኘሁ አትበል። ማቀዝቀዣ ያስፈልግሃል፣ ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጄኔሬተር። ይሄን ሂሳብ ብሮሹሩ ላይ አታገኘውም።

ከዚያ ጫኝና አውራጅ። ይሄ የድሬ ብቻ አይደለም፣ ያገር ነው። ልጆቹ ተደራጅተው ይጠብቁሃል። ዋጋ ይጠራሉ፣ አንተ ግማሹን ትጠራለህ፣ ይስቁብሃል፣ አንተም ትስቃለህ፣ አንዱ በሶማሊኛ ሌላው በኦሮምኛ ይመካከራሉ፣ በአማርኛ ትስማማላችሁ። ድሬ ላይ ሦስት ቋንቋ የሚችል የቀን ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። ድርድሩ ሌላ ከተማ ካየሁት ይልቅ እዚህ ቶሎ ያልቃል፤ ከድርድሩ በኋላም ቂም የለም፣ ውሃ ገዝተህ ከሰጠሃቸው ደግሞ ወዳጅ ሆናችሁ። ግን የማውረጃ ዋጋን በበጀትህ ውስጥ "ልዩ ልዩ" ብለህ አትጻፍ። ራሱን የቻለ መስመር ስጠው።

ውሃው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ፋብሪካ የሚከፍት ሰው ሁሉ ዘንግቶት ነው የሚመጣው። የድሬ ውሃ የከርሰ ምድር ነው፣ ከበድ ያለ ነው፣ ኖራ አለው። እናቴ ቤት ያለው ማንቆርቆሪያ ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ በሎሚ ካልቀቀልከው ሻዩ ላይ ይንሳፈፋል። ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል ነው። ቦይለር ላይ ግን ሌላ ነው። አንድ የማውቀው ጥገና ሠራተኛ ከአንድ ፋብሪካ የተቆረጠ የእንፋሎት ቱቦ አሳይቶኛል። ከውጭ ስታየው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ደህና ቱቦ ነው። በተቆረጠው አፉ ስታየው ቀዳዳው ጠቦ ጠቦ እስክሪብቶ የሚያስገባ ብቻ ቀርቷል፤ ሌላው ድንጋይ ነው። በጥፍርህ ብትቧጭረው አይለቅም። እንፋሎት፣ ማቅለሚያ፣ እጥበት፣ ምግብ ማቀነባበር ውስጥ የምትገባ ከሆነ ውሃ ማለስለሻ ማሽን ከመጀመሪያው ቀን ግዛ፣ ጨውና መለዋወጫውንም ጨምረህ። የውሃ ናሙና አስመርምረህ ውጤቱን ለማሽን አቅራቢህ ላክለት። ብዙ ብር አያስወጣም፣ ቦይለር ያተርፋል።

ስለ ሰው ኃይል ደግሞ ልናገር፤ ደስ ብሎኝ የምጽፈው ይሄን ነው። ድሬ የድሮ የፋብሪካ ከተማ ነች። ጨርቃ ጨርቁ፣ ሲሚንቶው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆዩ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸማንደፈር አለ። የድሮው ባቡር ወርክሾፕ ያፈራቸው ብረት ሠሪዎች ልጆቻቸውን፣ ልጆቻቸው ደግሞ ሰፈሩን አስተማሩ። ዛሬ ከዚራ አካባቢ ቶርኖ ቤት ገብተህ የተሰበረ ጥርስ ያለው ማርሽ ብታሳይ፣ ሰውየው አገላብጦ ያየዋል፣ በካሊፐር ይለካዋል፣ "ነገ ና" ይልሃል። ነገ ትሄዳለህ፣ ተሠርቷል። አዲስ አበባ "ከውጭ ይመጣል" የተባልከው ነው። ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቆመ መስመር በአንድ ቀን ይነሳል። ለዚህ ብቻ ኮከብ ብጨምር ደስ ይለኝ ነበር።

ስፌቱስ? ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ይሄ ነው። የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ፓርኮች የተሠሩት በአጎዋ ስሌት ነው፤ አጎዋ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ታገደች። ትልቁ ምሳሌ ሐዋሳ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱ ትልቁ ተስፋ ነበር፤ ዋናው ስም ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ያ ኩባንያ እገዳው በተሰማ ሰሞን ጥሎ ወጣ። ሌላው የጉልበት ነገር ነው። ሐዋሳ ላይ መነሻ ደመወዙ 750 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ብር ቤት ተከራይቶ መኖር አልተቻለም፣ ልጆቹ እየለቀቁ ሄዱ። ያሠለጠንካት ልጅ እጇ ሲፈታ ትሄድብሃለች። ርካሽ ጉልበት የሚባለው እንዲህ ስታሰላው ያን ያህል ርካሽ አይደለም።

ድሬ ላይ ደግሞ ይሄ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። የድሬ ልጅ ነጋዴ ነው። ታይዋን ገበያ ላይ ስልክ ሸጦ፣ ቀፊራ ላይ ልብስ አዙሮ፣ ባጃጅ ነድቶ የሚያገኘውን ያውቃል። በፋብሪካ ደመወዝ ስምንት ሰዓት ማሽን ላይ ተቀመጥ ብትለው "ወላሂ ትቀልዳለህ?" ይልሃል። እናም ከሰዓቱ አለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ድሬ ሱቋን ትዘጋለች። ሙቀቱ ነው፣ እንቅልፉ ነው፣ በርጫው ነው። አሥር ሰዓት ላይ ነው ከተማዋ እንደገና የምትነቃው፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ሕይወት ነው። ይሄን ልማድ ሥነ ሥርዓት በሚል ማስታወቂያ አትለውጠውም። አንድ ብልህ የማሸጊያ ፋብሪካ አውቃለሁ፣ ፈረቃውን ከንጋቱ 12 ሰዓት አስጀምሮ በስድስት ሰዓት ይለቃል፤ ሁለተኛው ፈረቃ አመሻሽ ላይ ይገባል። ቀትር ላይ ማሽኑም ሰውም ያርፋል። የመብራት ሂሳቡም ቀንሷል ይላሉ። ለስፌት ሁለት ተኩል የሰጠሁት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቦታ ልተውለት ብዬ ነው እንጂ ሁለት ነበር።

ጥሬ ዕቃው ከዚሁ ወይም ከአካባቢው የሚመጣ ሥራ ግን እዚህ ያዋጣል። ሲሚንቶ ድሬ ውስጥ የሚሠራው የኖራ ድንጋዩ እዚሁ ስላለ ነው። የሐረር ቡና ድሬ መጥቶ የሚለቀመውና የሚዘጋጀው መንገዱ ስለሆነ ነው። የቁም ከብቱ ከሶማሌና ከኦሮሚያ ቆላ ይመጣል። እነዚህን የሚያገለግል ሥራ፣ ማለት ጆንያ፣ ማሸጊያ፣ የጭነት መኪና ጥገና፣ ቀዝቃዛ ማከማቻ፣ የመኖ ማቀነባበሪያ፣ አራት ኮከብ አለው ከእኔ ዘንድ። ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ ቻርጀሩ፣ ባትሪው ሁሉ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ይሄን ተቀብሎ የሚገጣጥም፣ የሚፈትሽ፣ የሚጠግን ሰው ከድሬ የተሻለ ቦታ የት እንደሚያገኝ አላውቅም። ባትሪና ሙቀት ግን ጠላት ናቸው፤ ከላይ ያልኩትን አትርሳ።

ዋጋ ለማጥናት ቢሮ አትሂድ። ታይዋን ገበያ ሂድ። ልታመጣው ያሰብከውን ዕቃ ስም ጠርተህ "ስንት ነው?" በል። በድንበር ሾልኮ የገባው ዕቃ የሚሸጥበትን ዋጋ ይነግሩሃል። አንተ ቀረጥ ከፍለህ ከዚያ ዋጋ በታች ወይም በዚያው መሸጥ ካልቻልክ፣ ፈቃድህም ማዕረግህም አያድንህም። ይሄን ፈተና ያላለፈ የቢዝነስ ፕላን አይቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ብዙ አይቻለሁ፣ ባንክም ተቀብሎታል።

መሬት ወይም ሼድ ከቀጠናው ውጭ ልትከራይ ከሆነ ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አስብ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን በሌሊት ሞልቶ መጣ፣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ ድሬ ላይ አልነበረም፣ ከላይ ተራራው ላይ ነው የዘነበው። "እዚህ ዝናብ የለም" የሚል ደላላ ካሳየህ ርካሽ ቦታ፣ የአካባቢውን እናቶች ጠይቅ። ውሃው እስከ የት እንደደረሰ በግድግዳው ላይ ይጠቁሙሃል።

ከድሬ አቅም በላይ የሆነ ስጋትም አለ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በአንድ ወደብ በኩል ነው የሚያልፈው። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መመታት ሲጀምር የማጓጓዣ ዋጋ ሲንር አይተናል፣ ድሬ ላይ ያለነው ቀድመን ነው የሰማነው። ወደብ ቅርብ መሆን ለትርፉም ለጉዳቱም ቅርብ መሆን ነው። ለዚህ ኮከብ አልቀንስም፣ አንተ ግን ለሁለት ወር የሚበቃ ዕቃ ክምችት ይኑርህ።

የአክስቴ ልጅ ስፌቱን ትቶታል። አሁን የሚያወራኝ ስለ ሶላር ፓምፕ ማከማቻና ለጅጅጋና ለጭሮ ነጋዴ በጥቂት በጥቂቱ ስለመሸጥ ነው። ጓደኞቹ ገና አልተዋጠላቸውም፣ "መጋዘን ምን ኢንዱስትሪ ነው?" ይላሉ። ሊያዩት እየመጡ ነው። በታህሣሥ እንመጣለን ሲሉ እምቢ ብያለሁ። በታህሣሥ ድሬ ነፋሻ ናት፣ ከዚራ ዛፉ ሥር ተቀምጠህ የግመል ወተት ሻይ ስትጠጣ የማትገዛው ነገር የለም። ግንቦት ላይ ኑ አልኳቸው። ቀጠሮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከሆቴል ሳይሆን ከቀጠናው በር ላይ። ከሰዓት መጋዘን ውስጥ ቴርሞሜትር ይዘን እንገባለን። ማታ ፈጢራና ሹርባ በእኔ ሂሳብ።